እንባ እና አንቀጽ 112

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የሩቅ አገር ለቅሶ ልተርክላችሁ ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ እቆጥራለሁ።

ኦክቶበር 13 ቀን 2016፣ ዕለቱ ሐሙስ። ባንኮክ ውስጥ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር ሲሪራጅ የሚባል ትልቅ ሆስፒታል አለ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። የሚበዛው ሮዝ ለብሷል፤ ሮዝ ለንጉሡ ጤና ገድ ያለው ቀለም ነው ብለው ያምናሉና። ቢጫ የለበሰም አለ። በታይላንድ የሳምንቱ ቀን ሁሉ የየራሱ ቀለም አለው፤ ንጉሥ ቡሚቦል አዱልያዴጅ የተወለዱት ሰኞ ነው፣ የሰኞ ቀለም ደግሞ ቢጫ ነው። ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የንጉሡን ፎቶ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፊቱን ወደ ፎቁ አዙሮ ይጸልያል። አብዛኛው በዕድሜው ሌላ ንጉሥ አያውቅም። ቡሚቦል የነገሡት በ1946 ነው፤ ወንድማቸው ንጉሥ አናንዳ በመኝታ ክፍላቸው በጥይት ተመትተው ሞተው በተገኙበት በዚያው ቀን፣ ገና በ18 ዓመታቸው። ከዚያ ወዲህ 70 ዓመት ዙፋን ላይ ተቀምጠዋል። መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሾምና ሲሻር እሳቸው እዚያው ነበሩ።

በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ አረፉ። 88 ዓመታቸው ነበር። ሕዝቡ መርዶውን የሰማው ግን ሲመሻሽ ነው። ያን ጊዜ የሆስፒታሉ ግቢ በአንድ ድምፅ ጮኸ። ጎልማሳው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ፤ አሮጊቶች ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ነርሶች እያነቡ የወደቀውን ያነሱ ነበር።

በማግስቱ አገሩ ከል ለበሰ። በ2014 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን የያዙት ጄኔራል ፕራዩት ቻን ኦቻ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ዓመት ሙሉ ሐዘን እንዲቀመጥ አዘዙ። ባንዲራ 30 ቀን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ፣ ሌላውም ሰው ለአንድ ወር ከጭፈራና ከዘፈን እንዲቆጠብ ተባለ። ቴሌቪዥኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሥርጭት ያስተላልፍ ጀመር፤ ቀለሙም ጠፍቶ ጥቁርና ነጭ ሆነ። በነገራችን ላይ ጥቁሩ ራሱ የድሮ ልማድ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓት ንጉሥ ሲሞት የሚለበሰው ነጭ ነበር፤ ሕዝቡም ራሱን ይላጭ ነበር።

እንግዲህ አስቡት፤ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ጥቁር ልብስ ፈለገ። የባንኮክ ገበያዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቁር ሸሚዝ አለቀባቸው፤ ዋጋው ሰማይ ነካ፤ መንግሥትም አጋጣሚውን ተጠቅሞ ዋጋ የሚሰቅል ነጋዴ ይቀጣል ብሎ አስጠነቀቀ። በዚህ መሐል በየመንገዱ ዳር ትልልቅ ድስት ተጣደ። በጎ ፈቃደኞች ጥቁር ቀለም በጥብጠው ያፈላሉ፤ ሰዉ ያለውን ሸሚዝ፣ ጉርድ፣ የልጅ ካናቴራ ይዞ ይሰለፋል። ልብሱ እንፋሎት ውስጥ ይነከራል፣ በረጅም እንጨት ይገላበጣል፣ ጠቁሮ ይወጣል፣ ገመድ ላይ ይሰጣል። ክፍያ የለም። ለመንከርም ያልበቃው ድሃ ክንዱ ወይም ደረቱ ላይ ጥቁር ሪባን ቢያስር ይበቃዋል ተባለ።

አስክሬኑ በማግስቱ ከሲሪራጅ ወጥቶ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት ሲሄድ፣ መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ነበር፤ ግን የቆመ የለም። ሁሉም አስፋልቱ ላይ ተቀምጦ፣ እጁን እንደ ጸሎት ገጥሞ ጠበቀ። ከዚያ የማጠብ ሥርዓት መጣ። በታይ ልማድ ዘመድ የሟቹን እጅ በውሃ ያጥባል። የንጉሡን አስክሬን የሚያጥቡት የገዛ ቤተሰባቸው ናቸው፤ ሕዝቡ ደግሞ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተሰልፎ በፎቷቸው ፊት ውሃ እያፈሰሰ አለፈ።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉ፤ ከዚህ ሥርዓት ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው። በድሮው ልማድ የንጉሥ አስክሬን አይጋደምም። ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጉልበቱ ወደ ደረቱ ታጥፎ፣ መዳፎቹ እንደ ጸሎት ገጥመው፣ ፊቱ ላይ የወርቅ ጭንብል ተደርጎ፣ በቁመቱ ረዘም ባለ ዕቃ ውስጥ ቁጭ እንዳለ ይደረጋል። የውስጡ ዕቃ በሌላ በወርቅ በተለበጠ፣ አናቱ እንደ ዘውድ በሾለ ዕቃ ይሸፈናል። ንጉሥ ሞቶም ዙፋን ላይ እንዳለ ተቀምጦ ነው የሚሸኘው። ቡሚቦል ግን በሣጥን ተጋደሙ፤ እናታቸውም በ1995 ሲያርፉ እንዲሁ ነበር የተደረገው። የወርቁ ዕቃ በዱሲት ማሃ ፕራሳት አዳራሽ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ለምልክት ነው። መነኮሳትም ሌት ከቀን እየተፈራረቁ ደገሙ። እኛ ሠልስትና አርባ እንደምንለው እነሱም ሰባተኛው፣ አሥራ አምስተኛው፣ ሃምሳኛውና መቶኛው ቀን የየራሱ ሥርዓት አለው።

ሕዝብ ወደ አዳራሹ እንዲገባ የተፈቀደው በወሩ መጨረሻ ነው። ከሰሜን ተራሮች፣ ከኢሳን የሩዝ አገር፣ ከደቡብ የሙስሊም መንደሮች በአውቶቡስ ሌሊቱን ተጉዘው፣ ሳናም ሉዋንግ የሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ አድረው፣ ለጥቂት ቅጽበት ሰግደው ለመውጣት ሰዓታት ተሰለፉ። የሞተር ሳይክል ታክሲዎች ሐዘንተኛውን በነፃ አመላለሱ። ሜዳው ዳር በትልልቅ ብረት ድስት ሩዝና ሾርባ የሚያበሉ፣ ውሃና ማራገቢያ የሚያድሉ፣ ሰው የጣለውን ላስቲክ የሚለቅሙ ነበሩ። እዝኑን ያመጣው ሕዝብ፣ ሐዘንተኛውም ሕዝብ። በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ በአዳራሹ ከ12 ሚሊዮን በላይ ጊዜ ሰው ገብቶ ወጥቷል። ይህን ያህል ሰው በአዋጅ ብቻ አይመጣም። ያ ለቅሶ የእውነት ነበር ብዬ ነው የማምነው፤ አምኜም ነው የምተርከው።

ነገር ግን ለቅሶ ቤት ውስጥ ሌላ ነገርም ነበር።

ንጉሡ ባረፉ በማግስቱ በፑኬት ደሴት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አንድ የአኩሪ አተር ወተት የሚሸጥበትን ቤት ከበቡ፤ ከዚያ ቤት ሰዎች አንዱ በፌስቡክ ንጉሡን ተሳድቧል ተብሎ ነው። በሳሙይ ደሴት አንዲት ሴት በሕዝብ ፊት በንጉሡ ምስል ሥር ተንበርክካ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተደረገ። ሌላ ቦታ የተደበደበ አለ። ጥቁር ያልለበሰ ሰው ፎቶው ተነሥቶ በማኅበራዊ መገናኛ እየተለጠፈ ተሰደበ፤ ልብስ መግዣ አጥቶ ይሆን ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነው። መንግሥት ተዉ፣ ታገሡ ያለ ጊዜ ነበር። የፍትሕ ሚኒስትሩ ግን እንዲህ ያለውን ሰው ለመቅጣት ከማኅበረሰብ ቅጣት የተሻለ የለም አሉ። ፖሊስም ሕጉን ይዞ ከበስተኋላ ቆሞ ነበር።

ሕጉ የታይላንድ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 112 ነው። ንጉሡን፣ ንግሥቲቱን፣ አልጋ ወራሹን ወይም እንደራሴውን ስም ያጠፋ፣ የሰደበ ወይም ያስፈራራ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት ይታሰራል ይላል፤ ሌላ ብዙ ቃል የለበትም። ቅጣቱ ድሮ እንዲህ አልነበረም። በኦክቶበር 6 ቀን 1976 በታማሳት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲጨፈጨፉ ሰበብ የተደረገው ተማሪዎቹ አልጋ ወራሹን የሚመስል ሰው በቴአትር ሰቅለዋል የሚል ወሬ ነበር። በዚያው ምሽት ወታደሩ ሥልጣን ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ከ7 ዓመት ወደ 15 ወጣ፣ ከዚያ በታች የማይወርድበት የ3 ዓመት ወለልም ተበጀለት።

ከቅጣቱ ይልቅ የሚያስፈራው አሠራሩ ነው። ክሱን የሚያመለክተው የተሰደበው ሰው መሆን የለበትም፤ ማንም፣ ጎረቤትም ሆነ የሥራ ባልደረባ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ማመልከት ይችላል። ፖሊሱ መዝገቡን ቢዘጋ እሱ ራሱ ለዘውዱ ታማኝ አይደለም እንዳይባል ይሰጋል፤ ስለዚህ ወደ ዐቃቤ ሕግ ያሳልፈዋል። አንድ መልእክት አንድ ወንጀል፣ ሁለት መልእክት ሁለት ወንጀል እየተባለ ዓመቱ ይደመራል። ዋስትና ብዙ ጊዜ አይፈቀድም። ጋዜጦች ተከሳሹ ምን እንዳለ አያትሙም፤ ስድቡን መድገም ራሱ ያስከስሳልና። እናም አገሩ ሰውዬው 10 ዓመት እንደተፈረደበት ይሰማል፤ ምን ብሎ እንደተፈረደበት አይሰማም።

አልጋ ወራሹ ልዑል ማሃ ቫጂራሎንግኮርን ከሕዝቡ ጋር ልዘን፣ ዙፋኑ ይቆየኝ ብለው ነበር። በመካከሉ እንደራሴ የሆኑት የ96 ዓመቱ ጄኔራል ፕሬም ቲንሱላኖንዳ ናቸው፤ አንቀጹ እሳቸውንም አጠረ። የሞተ ንጉሥስ? በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነገሡት ንጉሥ የተነገረ ቃል በ112 ያስቀጣል ብሎ ፈረደ።

ከዚያም ወደ ኋላ የሄደ አለ። ሱላክ ሲቫራክሳ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈ፣ ራሳቸውን የዘውድ ወዳጅ ነኝ የሚሉ ታዋቂ ጸሐፊ አሉ። በ2014 በታማሳት ዩኒቨርሲቲ ስለ ንጉሥ ናሬስዋን ተናገሩ። ናሬስዋን በ1593 በዝሆን ላይ ሆኖ የበርማን አልጋ ወራሽ በጦር እንደገደለ የታይ ሕፃን ሁሉ በትምህርት ቤት ይማራል። ሱላክ ነገሩ በእርግጥ እንዲያ ነበር ወይ ብለው ጠየቁ። ሁለት ጡረታ የወጡ መኮንኖች ከሰሷቸው። ከ400 ዓመት በፊት ስለተደረገ የዝሆን ውጊያ አንድ ሽማግሌ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ተመላለሱ፤ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃው አይበቃም ብሎ የተወላቸው በጃንዋሪ 2018 ነው።

እኛ ዘንድ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ቡሚቦል ራሳቸው ግን እንዲህ አላሉም። በዲሴምበር 2005፣ በልደታቸው ዋዜማ፣ በቴሌቪዥን በተላለፈ ንግግራቸው ንጉሥም ይሳሳታል፣ ሊተች ይገባዋል አሉ። ንጉሥ አይተችም ማለት ንጉሡ ሰው አይደለም ማለት ነው፤ ሰው ስለተቸኝ ከታሰረ ጉዳቱ ለእኔው ነው ብለው አስረዱ። አዳራሹ ሙሉ ሚኒስትርና ጄኔራል ቁጭ ብሎ አዳመጠ፤ ሕጉ ግን አልተነካም። ይባስ ብሎ በቀጣዩ ዓመት በመጣው መፈንቅለ መንግሥት ማግሥት ክሱ እየበዛ ሄደ።

ከእነዚያ ክሶች አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በባንኮክ ዳርቻ የሚኖሩ፣ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ የጭነት መኪና ሾፌርነታቸውን ትተው የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ሽማግሌ ነበሩ። አገሩ አኮንግ ይላቸዋል፤ አያታችን እንደማለት ነው። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፊ አራት የስልክ መልእክት ልከው ንግሥቲቱን ሰድበዋል ተብለው ተከሰሱ። ማስረጃው የስልኩ ቀፎ መለያ ቁጥር ነበር። እሳቸው መልእክት መላክ እንኳ አልችልም አሉ፤ ንጉሡንም እወዳለሁ አሉ፤ ሲታመሙ ሲሪራጅ ድረስ ሄጄ በምሕረት መመኛው መዝገብ ላይ ፈርሜያለሁ ብለው ለፍርድ ቤቱ ተናገሩ። ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 2011 ለእያንዳንዱ መልእክት 5 ዓመት ቆጥሮ 20 ዓመት ፈረደባቸው። በሜይ 2012 በጉበት ካንሰር እስር ቤት ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ።

በሲሪራጅ መዝገብ ላይ የፈረመ እጅ ካልታመነ የማን እጅ ይታመናል? ይህ ሕግ አፋቸውን የዘጋባቸውን ብቻ አይደለም የበደለው። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዘው፣ ሜዳ ላይ አድረው፣ ሸሚዛቸውን ጥቁር ድስት ውስጥ ነክረው ከልባቸው ያለቀሱትን በደላቸው። አለማልቀስ በሚያስፈራበት አገር ወዶ ያለቀሰው ፈርቶ ካለቀሰው በምን ይለያል? እንባቸውን ምስክር አሳጣባቸው። ውጭ ያለ ሰው ተገደው ነው ይላል፤ ውስጥ ያለው ጎረቤቱን በጥርጣሬ ያያል።

አዲሱ ንጉሥ ዙፋኑን የተቀበሉት ዲሴምበር 1 ቀን 2016 ነው። በሦስተኛው ቀን የኮንኬን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ተማሪ የሆነ ወጣት ተያዘ። የቢቢሲ ታይኛ ክፍል ስለ አዲሱ ንጉሥ ሕይወት የጻፈውን በፌስቡክ አጋርቶ ነበር። ያንኑ ጽሑፍ ከ2,000 በላይ ሰው አጋርቷል፤ የተከሰሰው እሱ ነው፤ ከዚያ በፊት ወታደራዊውን መንግሥት በአደባባይ ተቃውሞ ያውቃል። አገሩ ገና ከሉን ሳያወልቅ ጥፋቱን አመነ፣ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት።

ሥርዓተ ቀብሩ ኦክቶበር 26 ቀን 2017 ሆነ። በሳናም ሉዋንግ 50 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ዘጠኝ ጉልላት ያቆመ የማቃጠያ ዳስ ተሠርቷል፤ የዓለም እምብርት የሚባለውን የሜሩን ተራራ እንዲመስል ነው። ብዙ ወር የለፉበት፣ ለአንድ እሳት የተሠራ፣ ኋላም የሚፈርስ ሕንፃ ነው። በመሠረቱ ላይ የአማልክት ሐውልት ተደርድሯል፤ ከመሐላቸው ንጉሡ ይወዷት የነበረችው ቶንግዴንግ የተባለች ውሻ አለች። ስለዚህች ውሻ በፌስቡክ አላግጧል ተብሎ አንድ የፋብሪካ ሠራተኛ በ2015 መከሰሱን ያስታወሰ፣ ያን ቀን ጮክ ብሎ አላነሳውም። የወርቁን ዕቃ የተሸከመው ሠረገላ በ1795 የተሠራ ነው፤ ከ13 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ቀይ የለበሱ ከ200 በላይ ወታደሮች በገመድ፣ በቀስታ፣ በከበሮ ምት እየተራመዱ ጎተቱት። ሕዝቡ ወራት ሙሉ በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ በእጁ የሠራውን የወረቀት የሰንደል አበባ ይዞ መጣ፤ በየክፍለ ሀገሩም በታነጹት ምሳሌ ዳሶች ሥር አኖረው። ለዚያ ቀን እንዲፈካ ተቆጥሮ የተተከለ ቢጫ አበባ ከተማውን ሁሉ ሞልቶት ነበር። እውነተኛው እሳት የተለኮሰው ግን ሌሊት ነው፤ በቴሌቪዥንም አልተላለፈም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልበላችሁ። ከ2018 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል 112 ጋብ ብሎ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይህ የንጉሡ ፈቃድ ነው አሉ። በ2020 ወጣቱ አደባባይ ወጣ። አንድ ጠበቃ፣ አርኖን ናምፓ፣ ስለ ዘውዱ ሥልጣን በአደባባይ ጮክ ብሎ ተናገረ፤ ተማሪዎችም በታማሳት ዐሥር ጥያቄ አነበቡ። በኖቬምበር አንቀጹ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ ከ270 በላይ ሰዎች ተከሰዋል። በጃንዋሪ 2021 አንዲት የቀድሞ የመንግሥት ሠራተኛ የድምፅ ቅጂ በኢንተርኔት አጋርተሻል ተብላ 87 ዓመት ተፈረደባት፤ ጥፋቷን ስላመነች በግማሽ ተቀንሶ 43 ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። አርኖን ላይ አንዱ ፍርድ በሌላው እየተደመረ ከ20 ዓመት አልፏል። በሜይ 2024 በዚሁ ሕግ ተከሳ በእስር ላይ የነበረች የ28 ዓመት ወጣት ምግብ አልበላም ብላ ቆይታ ሞተች። ሕጉን እናሻሽላለን ብሎ በ2023 ምርጫ አንደኛ የወጣው ሙቭ ፎርዋርድ የተባለው ፓርቲ፣ ይህ ሐሳብ ዘውዱን መገርሰስ ነው ተብሎ በኦገስት 2024 በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ፈረሰ።

ባለ 43 ዓመቷ ሴት በኦገስት 2025 በንጉሥ ምሕረት ወጣች። ከአንድ ወር በፊት ምክር ቤቱ በፖለቲካ ምክንያት ለታሰሩ ምሕረት የሚሰጡ ረቂቅ ሕጎች ቀርበውለት ነበር። የ112 እስረኞችን የሚጨምሩትን ጣለ፤ እነሱን የሚያስቀሩትን ለውይይት አሳለፈ።